ሁለቴ የሚጠይቁት ኡስታዛ መዲና

የኡስታዛ መዲናን ሞት የነገረችኝ ታናሽ እህታቸው ራቢያ ናት። የደወለችው ከምትኖርባት የሱዳን ከተማ ከሾዋክ ነበር። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ መጀመሪያ የሰማሁት "መዲና" የምትለዋን ቃል ብቻ ነው፤ ከዚያ መስመሩ ጠፋ። ስልኩን በእጄ እንደያዝኩ ገዳሪፍ ገበያ መሐል ቆሜ ቀረሁ። ሁለተኛ ስትደውል "አረፈች" አለችኝ። ሰምቻለሁ፤ ግን ሳላስበው "ምን አልሽ?" ብዬ መልሼ ጠየቅኋት። "አረፈች አልኩሽ እኮ!" ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

እውነቱን ልናገርና፣ ከእንባ በፊት የመጣብኝ ፍርሃት ነው። እኔና ኡስታዛ ብቻ የምናውቀው አንድ ነገር ነበር። አሁን ብቻዬን ቀረሁበት።

በወጣትነታቸው የገዳሪፍ ሐበሾች ልጆቻቸውን በሚያስተምሩበት ቤት ሒሳብ ያስተምሩ ስለነበር "ኡስታዛ" የሚለው ስም እንደ ቆዳ ተጣብቆባቸው ቀርቷል። አባታቸው ከጎንደር መጥተው ሰሊጥ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ የደረስኩባቸው ግን ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ተጠግቶ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ የእህል ሚዛን፣ ሬዲዮና ሰው ተስፋ የቆረጠበትን ዕቃ ሁሉ ሲጠግኑ ነው። ኻርቱም ኮምፒውተር እማር ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ትምህርቴን ለመጨረስ አንድ ዓመት ሲቀረኝ በአንድ ሻንጣ ወደ ተወለድኩባት ገዳሪፍ ተመለስኩ። ሻንጣዬ ቀላል ነበር፤ ትዕቢቴ ግን ሙሉ ነበር።

"ጭንቅላቱስ አለኝ" አሉኝ የመጀመሪያ ቀን፣ አጉሊ መነጽራቸውን ወደ ፊቴ አስጠግተው እያዩኝ። "ዓይን ነው ያጣሁት። አንቺ ዓይን ትሆኚኛለሽ?" የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይናቸውን እየጋረደው ነበር።

እንደ ኡስታዛ መዲና ፈሪ ሰው አላየሁም። ጫማቸውን ሲያወልቁ አፍንጫው ወደ በሩ እንዲዞር አድርገው ነው የሚያስቀምጡት፤ ሲሸሹ እንዳያደናቅፋቸው። ረክሻ ላይ አይወጡም፤ ሦስት ጎማ ያለው ነገር ይገለበጣል ይላሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከመንካታቸው በፊት ያነፈንፉታል፤ ማብሪያውን ያጠፋሉ፤ ከዚያ የጎረቤቱን ማብሪያ ጭምር ሄደው ያጠፋሉ፤ ልብስ ሰፊው ጎረቤት በዚህ ምክንያት ከእሳቸው ጋር ሰላም አልነበረውም። ሰማይ ላይ የድሮን ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር የሚገቡት የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ነበሩ። ገበያተኛው "ፈሪዋ ኡስታዛ" ይላቸዋል። እኔም ከኋላቸው እየሳቅሁ እላቸው ነበር።

"ፈሪ ነኝ" ይላሉ፣ ሲሰሙን። "ምን ላርግ? ስለምፈራ ነው ቆጥሬ የምራመድ።"

ደግሞ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ይጠይቃሉ። ጠዋት ስገባ "እናትሽ ደኅና ናት?" ይሉኛል። ደኅና ናት እላለሁ። ስለ ሌላ ነገር እናወራለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ከዚያ ልክ እንዳልጠየቁ ሁሉ "እናትሽስ፣ ደኅና ናት?" መጀመሪያ የመርሳት በሽታ የያዛቸው መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው ልማዱ ከሥራው የመጣ መሆኑ የገባኝ።

ያስተማሩኝን ዛሬም በቃላቸው እንደሰማሁት ይዤዋለሁ። በእነዚያ ርካሽ መሣሪያዎች ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቺፕ በአጉሊ መነጽሩ እያሳዩኝ፣ "ይህች ድኻ ናት" አሉ። "አንዱ ቤቷ ከሁለት መቶ ሃምሳ አምስት በላይ አይዝላትም። ትልቅ ቁጥር ሲመጣባት ሁለት ቤት ላይ ትከፍለዋለች፤ ላይኛና ታችኛ።" ከዚያ ሁለት ማልዋ አመጡ፤ ማልዋ በገበያችን እህል የሚሰፈርበት ቆርቆሮ ነው። "ታችኛው ሲሞላ ይደፋና ባዶ ይሆናል። በዚያው ቅጽበት ላይኛው ውስጥ አንዲት ጠጠር ትጣላለች። ያቺ አንድ ጠጠር ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ናት። ጠጠሯን ያላየ ሰው ባዶውን ቆርቆሮ አይቶ 'ምንም የለም' ይላል።"

"እሺ፣ አንድ የምናደርጋቸው እንዴት ነው?" አልኩ፣ የማውቀውን እንደማላውቅ ሆኜ።

"ሰፊ ሦስተኛ ቤት ታሰናጂያለሽ። ላይኛውን መጀመሪያ እዚያ ሰፊው ውስጥ አስገቢው። እዚያ ከገባ በኋላ ስምንት ደረጃ ወደ ግራ ግፊው፤ ታችኛውን ጨምሪበት። ጠባቡ ቤት ሳለ ከገፋሽው ግን ይፈሳል። ቺፗ ደግሞ 'ፈሰሰ' ብላ አትጮኽም።" ጣታቸውን አነሡ። "ሌላም አለ። ሁለቱ ግማሾች የሚመጡልሽ ተራ በተራ ነው። ላይኛውን ተቀብለሽ ታችኛውን እስክትቀበይ የምትለኪው ነገር ቆሞ አይጠብቅሽም። ስለዚህ ላይኛውን ጠይቂ፣ ታችኛውን ጠይቂ፣ ከዚያ ላይኛውን እንደገና ጠይቂ። ሁለቱ መልሶች አንድ ከሆኑ እመኚ። ከተለያዩ ከሥር ጀምሪ።"

ራሴን ነቀነቅሁ። ይህን ዩኒቨርሲቲ ነግረውኛል ብዬ ግማሹን ብቻ ሰማሁ።

በዚያ ክረምት ከከተማው በስተደቡብ ካለ አንድ ትልቅ እርሻ ወኪሉ መጣ። ወኪል ማለት ባለቤቱ በሌለበት እርሻውን የሚያዝ ሰው ነው። ከመተማና ከቋራ ቆላ ለአረም የሚመጡት ሠራተኞች የሚያድሩበት ካምቦ ከማሳው የሚለየው በአንድ ኾር ነው። ኾር በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በክረምት ግን እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሩቅ የዘነበው ዝናብ ድንገት ደርሶ ይሞላዋል። ባለፈው ክረምት ሁለት አራሚዎችን ወስዷል። ወኪሉ የፈለገው ወደ ላይ በኩል የውኃውን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ እንዲተከል፣ መሻገሪያው ላይ ደግሞ በሬዲዮ የሚታዘዝ መብራት እንዲቆም ነው። ላይ የተለካ ውኃ መሻገሪያው ጋ የሚደርሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ ስለሆነ ሰው ለመጠንቀቅ ጊዜ አለው። ውኃው ከአንድ ሜትር ካለፈ ቀይ፣ ካነሰ አረንጓዴ።

ኡስታዛ ሥራውን ሲቀበሉ "የሰው ነፍስ ነው" አሉ። ፕሮግራሙን እንድጽፍ ለእኔ ሰጡኝ፤ ዓይናቸው ፊደሉን አይለይማ።

ጻፍኩት። በርሜል ውስጥ ውኃ ሞልቼ ሞከርኩት፤ ሰማንያ ሴንቲሜትር ሲሆን ሰማንያ አለ። ኡስታዛ ደግሞ ሦስት መቶን በእጄ ሰጥቼው እንዳይ አዝዘውኝ ነበር፤ በርሜሉ ሦስት ሜትር አይደለምና። ያን ቁጥር ላስገባ እጄን ስዘረጋ ከሰማይ ያ ድምፅ መጣ። የማይጠፋ፣ የሚያናውዝ ድምፅ። በሌሎች ከተሞች ይህ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ምን እንደሚከተል ሁላችንም ሰምተናል። ገበያው ባንዴ ተበተነ። ኡስታዛ ያን ቀን ሱቅ አልነበሩም። እኔ፣ እሳቸውን ፈሪ እያልኩ የምስቀው እኔ፣ አንድ ጫማዬን ጥዬ ሮጥኩና ሰሊጥ የጫነ የጭነት መኪና ሥር በሆዴ ተኛሁ። አልፈነዳም፤ አልፎ ሄደ። ስመለስ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሦስት ቀን አልመጣም።

በአራተኛው ቀን ኡስታዛ "ሦስት መቶ ሰጥተሽ ሞከርሽው?" አሉኝ።

ሮጥኩ ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። "ሞክሬዋለሁ" አልኩ።

ሻይ ጠጣን። ስለ ልብስ ሰፊው አወሩ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው፣ "ሦስት መቶውንስ፣ ሞከርሽው?" አሉኝ።

"ሞክሬዋለሁ።"

ሁለቱ መልሶች አንድ ሆኑላቸው። አመኑኝ።

መብራቱ ተተከለ። በመጀመሪያው ዝናብ ውኃው መቶ ሰማንያ ደረሰ፤ ቀዩ በራ፣ ሰው ቆመ፣ ጎርፉ አለፈ፣ አረንጓዴው በራ። አራሚዎቹ መብራቱን የሠራውን እጅ መረቁ። እኔም ምርቃቱን በሙሉ ልቤ ተቀበልኩ።

ነሐሴ ላይ መሣሪያውን ልናጸዳ ሄድን። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ከማሳው ወደ ካምቦው ከሚመለሱት አራሚዎች ጋር ትራክተሩ በሚጎትተው ተሳቢ ላይ ተጫንን፤ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ነበርን። ነጂው ደሳለኝ የሚባል የመተማ ሰው ነው። መሻገሪያው ጋ ስንደርስ መብራቱ ቀይ ነበር። ኾሩ ውስጥ ገና ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውኃ ነው ያለው። ኡስታዛ እንደ ምንም ተደግፈው ከተሳቢው ወረዱ፤ የመብራቱ ምሰሶ ላይ ያለችውን ሳጥን ከፍተው ቁጥሯን በአጉሊ መነጽራቸው ማንበብ ጀመሩ። በየደቂቃው አዲስ ቁጥር ይመጣል፤ እሳቸውም ጮኽ ብለው ይጠሩታል።

"ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት... ሁለት መቶ አርባ ሰባት... ሁለት መቶ ሃምሳ አራት..."

ከዚያ ቀዩ ጠፋና አረንጓዴው በራ።

ሰዉ እልል አለ። ቀኑን ሙሉ ያረመ ሰው ነው፤ ርቦታል። ደሳለኝ ሞተሩን አስነሣ።

"ሂድ! አረንጓዴ ነው!" አልኩት እኔ፣ ከተሳቢው ላይ ቆሜ።

"ቆይ!" አሉ ኡስታዛ። "ልጄ፣ ነይ አንብቢልኝ። ዓይኔ ነው?"

ወርጄ አየሁ። "ስድስት ይላል። ውኃው ወርዷል፣ ኻላስ፣ አበቃ።"

አንድ ደቂቃ ጠበቁ። "አሁንስ?"

"አሥራ አምስት።"

"ከስድስት ወደ አሥራ አምስት ነው የሚወርድ?" አሉኝ ቀስ ብለው። "ከሁለት መቶ ሃምሳ አራትስ ወደ ስድስት በአንድ ደቂቃ የሚዘል ውኃ አይተሻል?"

ሳልሞክረው የቀረሁት ሦስት መቶ ትዝ አለኝ። ኡስታዛ ፊቴን አዩት፤ በዚያ በተጋረደ ዓይናቸው ምን ያህል እንዳዩ አላውቅም። ጭቃ ውስጥ እየተንሸራተቱ ሄዱና ከትራክተሩ የፊት ጎማ ሥር ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ረክሻ ላይ የማይወጡት ሴት።

"ኧረ ተነሡ እትዬ!" አለ ደሳለኝ። "መብራቱ አረንጓዴ ነው እኮ!"

"መብራቱ ውሸታም ነው።"

"እናንተው ተክላችሁት እናንተው ውሸታም ትሉታላችሁ? እኒህ ሰዎች ርቧቸዋል፣ ይምሽብን እንዴ?"

"ሩብ ሰዓት ስጠኝ፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ።"

"ሩብ ሰዓት ምን ሊሆን?"

"ሩብ ሰዓት። ከዚያ በላዬ ላይ ሂድ።"

ከተሳቢው ላይ ስድብ ወረደ። አንዱ አብዳለች አለ፤ አንዱ ወርዶ ከኾሩ ጠጠር አንሥቶ ወረወረ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። እውነቱን ተናግሬ፣ መብራቱ የተበላሸው በእኔ ነው ብዬ፣ ሰዉን ማስቆም እችል ነበር። ያደረግሁት ግን ጎንበስ ብዬ "ኡስታዛ፣ ሰው እየሳቀብን ነው፣ ይነሡ" ማለት ነው። አልሰሙኝም። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ መላ አካላቸው ይርገፈገፋል። እንዲያ የፈራ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ግን አልተነሡም።

በመጨረሻ ደሳለኝ ትዕግሥቱ አልቆ ከወንበሩ ወረደ። በብብታቸው ይዞ ሊያነሣቸው ጎንበስ ሲል ድምፁን ሰማን። መጀመሪያ የጭነት መኪና መሰለኝ። ከዚያ ከኾሩ ጥምዝ ላይ ቡናማው ውኃ ዞሮ መጣ፤ ፊት ለፊቱ ከሥሩ የተነቀለ ግራር እያንከባለለ፣ የሆነ ጎጆ ክዳን ከነማገሩ ተሸክሞ። ትራክተሩ ሊሻገርበት የነበረውን ቦታ በዓይናችን ፊት ዋጠው። ደሳለኝ ኡስታዛን እንዳቀፈ ወደ ኋላ ሮጠ። ሰዉ ከተሳቢው እየዘለለ ወደ ዳገቱ ወጣ። አንዲት ሴት የማርያምን ስም ትጠራለች፤ አጠገቧ ያለው የአላህን።

ዳገቱ ላይ ሆነን ዞር ስንል አረንጓዴው መብራት ከጎርፉ በላይ እንደ በራ ነበር።

ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ቁጥር አርባ አራት ነው። "አርባ አራት ነበር" አልኳቸው። "ሦስት መቶ ማለት ነዋ" አሉ ኡስታዛ፤ ጠጠሯን ጨምረውበት።

በማግሥቱ ወኪሉ ሱቁ ድረስ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። "ይህን መብራት የሠራው ማን ነው?" አለ።

እኔ ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ብሎኖች መልቀም ጀመርኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ ኡስታዛ።

ወኪሉ አፉ ያመጣለትን ሁሉ ተናገረ። ከዚያ በኋላ በየእርሻው እየዞረ ሃያ ሰው ልታስፈጅ የነበረች ዕውር ሴት እያለ ስማቸውን አጠፋው። አርባ ዓመት የሠሩት ስም ነው። ፓምፕ የተበላሸበት ሰው ሱቃችንን አልፎ ሌላ ቦታ መሄድ ጀመረ።

ወኪሉ እንደወጣ በሩን ዘጉ። "በይ፣ ሦስት መቶ ስጪው" አሉኝ። ሰጠሁት። አርባ አራት አለ። በአጉሊ መነጽሩ ደጋግመው አዩት። ላይኛውን ቁጥር ጠባቡ ቤት ውስጥ ሳለ ነበር የገፋሁት፤ ወደ ሰፊው ቤት የገባው ከፈሰሰ በኋላ ነው። አንዷን መስመር ከሌላዋ በላይ አደረግኋት፤ ሥራው ያ ብቻ ነበር። እንደገና ሦስት መቶ ሰጠሁት። ሦስት መቶ አለ።

"ለምን 'እኔ ነኝ' አሉ?" አልኳቸው እያለቀስኩ።

"የእኔ ስም አርጅቷል" አሉ መነጽሩን በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ። "ያንቺ ገና ነው።"

ሞክረሽ ነበር ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ያን ቀንም፣ በማግሥቱም፣ ከዚያም በኋላ። በየጠዋቱ ዛሬ ይጠይቁኛል እያልኩ እገባለሁ። "እናትሽ ደኅና ናት?" ይሉኛል፤ ሁለት ጊዜ። ሦስት መቶን ግን አላነሡም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ዓይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ ሱቁን ለእኔ ትተው ሾዋክ እህታቸው ጋ ገቡ። ሾዋክ ሩቅ አይደለም፤ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። በሁለት ዓመት ውስጥ የሄድኩት ሁለቴ ብቻ ነው። እፈራቸው ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ የሄድኩት ለለቅሶ ነው። ወንዶቹ ደጅ በተተከለው ድንኳን፣ ሴቶቹ ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከሰዓት ላይ አንድ ሰው ራቢያን ሊያጽናና ወደ ግቢው በር መጣ። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ግን ወዲያው አወቅሁት። ደሳለኝ ነው። ከመተማ ድንበሩን ተሻግሮ፣ በዚህ መንገድና በዚህ ጊዜ።

"እኔን ብትዪኝ ዛሬ በሕይወት የቆምኩ በእሳቸው ነው" አላት ራቢያን። በዙሪያው ያለው ሰው ያዳምጣል። ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገራቸው፤ መብራቱን፣ ጭቃውን፣ ግራሩን። "ያን መብራት አሳስተው የሠሩት ራሳቸው ናቸው ይባላል። ሰው ነው፣ ይሳሳታል። በስሕተታቸው ሊሞቱበት ጎማዬ ሥር ተቀመጡ። እኔ ይቅር ብያቸዋለሁ። ፈጣሪም ይቅር ይበላቸው።"

"አሚን" አሉ ሴቶቹ። "አሚን" አለች ራቢያ።

እኔ አሚን ማለት አቃተኝ። ገበያው ውስጥ ያለችው ሱቅ፣ ስሜ፣ እናቴ የምትበላው፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ መጣ። መኪና ሥር በሆዴ የተኛሁ ጊዜ የተሰማኝ ያው ፍርሃት ነው። ጫማዬ በር ላይ ነበር፤ ሳላስበው አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሬ ነው ያወለቅሁት። መሄድ እችል ነበር።

"እሳቸው አይደሉም" አልኩ። "መብራቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሞክሬዋለሁ ብዬ ዋሽቻቸው ነው።"

ደሳለኝ ዞሮ አየኝ። ተሳቢው ላይ ቆማ 'ሂድ' ያለችውን ሴት ፊቴ ላይ ሲፈልግ ታየኝ።

"ማን ነው የሠራው አልሽ?" አለኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ኡስታዛ ቢኖሩ ጆሯቸውን አዘንብለው ይጠብቁ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩት።